ያብረቀረቀው ቦልት

(ይህ ባለፈው ቅዳሜ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ዒላማ መተኮስ ለሚወዱ ጥቂት አበሾች ያደረግሁት ንግግር ነው። ያልመጡ ወዳጆች ስለጠየቁኝ ጻፍኩት። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ እንጂ እንደተናገርኩት ነው።)

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ምሳ እየጠበቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። የወጡ ሽታ እኔንም እየጠራኝ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ብረት ላዙርላችሁ። ሁለቱም ከኤአር-15 ጠመንጃ የወጡ ቦልቶች ናቸው፤ ቦልት ማለት ሲተኮስ ጥይቱን ከኋላ የሚቆልፈው ብረት ነው። አንዱ ጥቁር ነው፤ ጭራው ላይ ጥላሸት ጋግሮበታል። ሌላው እንደ አዲስ ማንኪያ ያብረቀርቃል። ከሁለቱ አንዱን ዳግመኛ ጠመንጃ ውስጥ አላስገባውም። የትኛው ይመስላችኋል? አሁን አትንገሩኝ። እያገላበጣችሁ እዩትና ለጎረቤታችሁ አቀብሉ። ትናንት ማታ ሁለቱንም ቀጭን ዘይት ውስጥ ዘፍዝፌ አሳድሬያቸዋለሁ፣ ጠዋት ጠርጌ አመጣኋቸው። ለምን እንደዘፈዘፍኳቸው ቆይቼ አሳያችኋለሁ። ከምሳ በፊት ግን እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። እሱንም እመለስበታለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሰባት ዓመት በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግያለሁ። የምተርክላችሁ ጀብዱ የለኝም። የሻምበላችን የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ቁልፍ ይዤ፣ መዝገብ ይዤ፣ ከመቶ በላይ ጠመንጃ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ወታደሩ ከሜዳ ሲመለስ መሣሪያውን ወልውሎ ለእኔ ያስረክባል። እኔ ደግሞ የጆሮ ጥጥ ይዤ እጠብቀዋለሁ። ጥጡን ጥግ ጥጉ ውስጥ አስገባለሁ። ጥቁር ከወጣ «ሂድ፣ እንደገና» እለዋለሁ። አንዳንዱን አራት ጊዜ መልሻለሁ። በጣም የተጠላሁ ሰው ነበርኩ።

ወታደር ደግሞ ብልህ ነው። ቶሎ ቤቱ ለመግባት የማያደርገው የለም። በሽቦ የሚፍቅ ነበር። በአሸዋ ወረቀት የሚያሽ ነበር። አንዱ እንዲያውም የሽቦ ብሩሽ ድሪል ላይ ገጥሞ ሲሞርደው ያዝኩት። ብረቱ ላይ ያለው ጥቁር ሽፋን ከዝገት የሚጠብቀው ልብሱ ነው። እነሱ ያንን ገፈው ያብረቀረቀውን ሲያመጡልኝ እኔ «ጎበዝ!» ብዬ እረከባለሁ። ያኔ የገባኝ ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን በዓመት አንዴ መሣሪያ የሚለኩ ቴክኒሻኖች መጡ። ከመደርደሪያው አንድ ጠመንጃ አነሱ። የኩራቴ ምንጭ የነበረች፣ ከሁሉም የነጣች ጠመንጃ ናት። ቦልቷን አወጡና መብራት አበሩባት። ከዚያ ቴክኒሻኑ ምንም ሳይል በጣቱ አሳየኝ። ካም ፒን የሚሉት፣ ቦልቱን የሚያዞረው ፒን የሚገባበት ቀዳዳ ዳር ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረች። ያንን ቦልት ቢያንስ ሃያ ጊዜ በጥጥ ፈትሼዋለሁ። አንድም ቀን ግን አላየሁትም።

ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለዚህ ነው። ማጽዳት ሌላ፣ መመርመር ሌላ። አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን እያበዛን ሁለተኛውን እንረሳዋለን።

አሁን ይህ ነገር ምን እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ሥራውን ካላወቅን የቱን እንደምናይ አናውቅም። ኤአር-15ን የነደፈው ዩጂን ስቶነር ነው፣ በ1950ዎቹ፣ አርማላይት ለሚባል ኩባንያ ሲሠራ። (የምጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ኮልት መብቱን በ1959 ገዛ። ጦሩ ኤም 16 ያለው የዚህኑ ጠመንጃ ልጅ ነው።

ጥይት ሲተኮስ ከባሩዱ የሚወጣው ጋዝ እርሳሱን ወደፊት ይገፋል። አፈሙዙ ጋ ሳይደርስ ጥቂቱ ጋዝ በትንሽ ቀዳዳ ይወጣና በቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቦልቱን ተሸክሞ የሚንሸራተተው ብረት ካሪየር ይባላል፤ እሱ አናት ላይ ያለችው መቀበያ፣ ጋዝ ኪይ የሚሏት፣ ትቀበለዋለች። ጋዙ ካሪየሩ ሆድ ውስጥ ይገባል። እዚያ የቦልቱ ጭራ አለ፤ ጭራው ላይ ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች አሉ። መካኒክ የሆናችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ የፒስተን ሪንግ ማለት ናቸው። ጋዙ በቦልቱና በካሪየሩ መካከል ይነፋል። ካሪየሩ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ካም ፒኑ በተጠማዘዘው መንገዱ ላይ ሲሄድ ቦልቱን ያዞረዋል፣ መቆለፊያው ይከፈታል። ባዶው ቀለህ ይወጣል። ከዚያ ከኋላ ያለው ሞላ ካሪየሩን ይመልሰዋል፣ አዲስ ጥይት ያጎርሳል፣ ቦልቱ ዞሮ ይቆለፋል። ይህ ሁሉ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሳትገልጡ ያልቃል።

ቦልቱን የያዘ ሰው ፊቱ ዙሪያ ያሉትን ጥርሶች ይቁጠር። ሰባት ናቸው። በስምንተኛው ቦታ ቀለህ የሚስበው ጥፍር ተቀምጧል። የመኪናችሁ ጎማ ውስጥ ያለው አየር ግፊት፣ በፒኤስአይ ሲለካ፣ 35 ገደማ ነው። ይህ ጥይት ሲፈነዳ ግፊቱ ከ50 ሺህ ፒኤስአይ በላይ ይሄዳል። በዚያ ግፊትና በፊታችሁ መካከል ያሉት እነዚያ ሰባት ጥርሶች ናቸው። ጉንጫችሁ ከዚያ አንድ ስንዝር አይርቅም።

እዚህ ላይ ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ ጋሼ አቋረጡኝ። በንጉሡ ጊዜ ወታደርነት የጀመሩ ናቸው። «ልጄ፣ ክላሽን ጭቃ ውስጥ ጥለን ስናነሳት ትተኩስ ነበር። ይቺን ምን ያሞላቅቃታል?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ጋሼ እውነታቸውን ነው። ክላሽ ላይ ጋዙ እላይ ያለውን ፒስተን መትቶ እዚያው ይቀራል። ካሪየሩን የሚገፋው ፒስተኑ ስለሆነ ቦልቱ ብዙም አይጨስም። ኤአር-15 ግን ጢሱን የሚተነፍሰው ሆዱ ውስጥ ነው። ጥላሸቱ በቦልቱ ጭራ ላይ የሚጋገረው ለዚህ ነው። ስንፍና አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ክላሽም ቢሆን ጠላት አላት። የድሮው የሶቪየት ጥይት ብዙው ሲተኮስ ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ በዘይት አይለቅም። ዘይት ብትቀቡበት ከዘይቱ ሥር ተቀምጦ ብረቱን ይበላል። መድኃኒቱ ውኃ ነው። በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ዘይት። ጋሼ ይህን ከእኔ ቀድመው ያውቁት ነበር። «የፈላ ውኃ!» አሉ። ከዚያ የቀኝ አውራ ጣታቸውን አነሱ። ጥፍሩ ጠማማ ነው። «ይሄ የኤም ዋን ነው» አሉ። ኤም 1 ጋራንድ የሚባለው የድሮ የአሜሪካ ጠመንጃ ላይ ጥይት ስታጎርስ ጣትህን ቶሎ ካላነሳህ ቦልቱ ይነክስሃል። አሜሪካኖቹም ለዚህ ጉዳት ስም አውጥተውለታል፣ የጋራንድ አውራ ጣት ይሉታል። ጋሼ ስሙን ሰምተው አያውቁም። ጣቱን ግን ስልሳ ዓመት ይዘውት ዞረዋል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከመጠን በላይ አጸዳን ስል አለማጽዳት ይሻላል ማለቴ አይደለም። ያንን የሞከሩ አሉ፣ ዋጋውንም ከፍለዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኤም 16 ቬትናም ሲገባ ብዙ ወታደር የማጽጃ ዕቃ አልተሰጠውም። ጠመንጃው ጽዳት አይፈልግም የሚል ወሬም ተነዝቶ ነበር። የባሩዱ ዓይነት ተቀይሯል፤ አዲሱ ባሩድ ጠመንጃው ከተነደፈለት ፍጥነት በላይ ያስሮጠው ነበር። ጥይት የሚጎርስበት ቦታ ደግሞ ክሮም አልተለበጠም፣ በዚያ እርጥበት ይዝጋል። ጥፍሩ ቀለሁን ሲስብ ቀለሁ ተጣብቆ ይቀራል። ወታደሩ በውጊያ መሃል መወልወያ ዘንግ ከፊት ከትቶ ቀለሁን እየገፋ ያወጣ ነበር። ጠመንጃው የነከሰባቸው፣ ተፈትቶ በፊታቸው ተዘርግቶ ሞተው የተገኙ ነበሩ። በ1967 የአሜሪካ ምክር ቤት በሪቻርድ አይኮርድ የሚመራ ንዑስ ኮሚቴ አቋቁሞ ጉዳዩን መረመረ። የባሩዱን ለውጥ ክፉኛ ነቀፈ። ከዚያ በኋላ ክሮም ተለበጠ፣ የማጽጃ ዕቃ ተከፋፈለ፣ ወታደሩ የሚያነበው በሥዕል የተሠራ መመሪያ ታተመ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ሌላኛው ጫፍ ላይ ወጣ። የጆሮ ጥጡ ታሪክ ይኸው ነው።

እሺ፣ አሁን እንፍታው። መጀመሪያ ካዝናው ይውጣ። ከዚያ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይንም በጣትም እዩ። «ባዶ ነው» ብሎ የነገራችሁን ሰው አትመኑ። እኔ የነገርኳችሁም ብሆን አትመኑ። ጥይት ከጠረጴዛው ላይ ብቻ ሳይሆን ከክፍሉም ይውጣ።

ካሪየሩ ከወጣ በኋላ በጎኑ ያለችውን እንደ ፀጉር ማስያዣ የታጠፈች ፒን ትስባላችሁ። ጥይቱን መትቶ የሚያስነሳው መርፌ በኋላ በኩል ይወድቃል። ቦልቱን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ ካም ፒኑን ሩብ ዙር አዙሩትና አንሱት። ቦልቱ ወጣ። የጥፍሩን ፒን በመርፌው ጫፍ ገፍታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። መሣሪያ አያስፈልግም። ስቶነርን የማደንቀው በዚህ ነው።

አንድ ነገር እዚሁ ልበል። አራት ጓደኛ ሆናችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ አራት ጠመንጃ አትፍቱ። ቦልት ከቦልት ይቀያየራል። ቦልቱና የገዛ አፈሙዙ አብረው እየተላመዱ ነው የሚያረጁት፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የተለካ ነው። የሌላ ሰው ቦልት አስገብታችሁ ስትተኩሱ ያ ልክ መጥበቡን ወይም መስፋቱን የሚነግራችሁ የለም።

አሁን ማየት እንጀምር። መጀመሪያ በጨርቅና በመሣሪያ ማጠቢያ ፈሳሽ ይጸዳ፤ ቆሻሻ ላይ ስንጥቅ አይታይም። የማጽዳት ዋናው ጥቅም ለእኔ ይኸው ነው፣ ለማየት። ጭራው ላይ የጋገረው ጥላሸት አልለቅ ካላችሁ ተዉት። እዚያ ቦታ ላይ በተወሰነ ውፍረት ይቆማል፣ ሥራ አያስተጓጉልም። በቢላ የምትፍቁ ካላችሁ፣ ይቅርባችሁ።

ከዚያ ብርቱ የእጅ ባትሪ ያዙና ብርሃኑን ከጎን አብሩ። ከላይ ያበራችሁት እንደሆነ ሁሉም ነገር ያብረቀርቅና ምንም አይታይም። ከጎን ሲሆን ስንጥቅ ጥላ ይጥላል። ጥርሶቹን ሥር ሥራቸውን አንድ በአንድ እዩ። በተለይ በጥፍሩ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለቱን። ለጥፍሩ ቦታ ሲባል ብረቱ እዚያ ስለተቆረጠ ሸክሙ እኩል አይከፋፈልም። ሁለተኛው ቦታ የካም ፒኑ ቀዳዳ ነው። ቦልቱ በጣም የሚሳሳው እዚያ ነው፣ በሁለቱም በኩል እዩት። አጭር አፈሙዝ ያላችሁ ደግሞ ቶሎ ቶሎ እዩ። በአጭሩ ላይ ጋዙ ቀድሞና በርትቶ ስለሚደርስ ቦልቱ ገና ግፊቱ ሳይበርድ ለመዞር ይገደዳል።

ፋብሪካዎች ይህን በማግኔት ነው የሚፈትሹት። ቦልቱን ማግኔት ያደርጉትና የብረት ብናኝ ያለበት ፈሳሽ ያፈሱበታል። ስንጥቅ ካለ ብናኙ እዚያ ይሰበሰባል። ቦልታችሁ ላይ ኤምፒ የሚሉ ፊደላት ካያችሁ በዚህ መንገድ ተፈትሿል ማለት ነው፣ ያኔ፣ አዲስ ሆኖ። ከዚያ ወዲህ ስላለው አይናገርም።

ቤት ውስጥ ማግኔቱ የለንም። ግን የድሮ ባቡር ጥገና ቤቶች ይጠቀሙበት የነበረ ዘዴ አለ። ብረቱን ቀጭን ዘይት ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ጥርግ አድርገው ያደርቁትና ጠመኔ ይቀቡታል። ስንጥቅ ውስጥ የገባው ዘይት ቀስ እያለ ወደ ጠመኔው ይወጣና መስመር ይሠራል። ሁለቱን ቦልቶች እስቲ መልሱልኝ። ይኸው፣ በአልኮል የበጠበጥኩት የጠመኔ ዱቄት ነው። በብሩሽ ስስ አድርጌ እቀባቸዋለሁ። ሁለቱም ነጭ ሆኑ። እዚህ ሳህን ላይ ይቀመጡ፣ እኛ እንቀጥል።

ሪንጎቹ። ቦልቱን ካሪየሩ ውስጥ አስገቡትና ወደ ውጭ ሳቡት። ከዚያ በቦልቱ ፊት ጠረጴዛ ላይ አቁሙት፣ ካሪየሩ ከላይ ይሁን። እዩ፣ ቆሟል። ሪንጎቹ እየያዙት ነው። በራሱ ክብደት ቁልቁል ከተንሸራተተ አልቀዋል፣ ቀይሯቸው። ዋጋቸው የአንድ ማኪያቶ ያህል ነው። የሪንጎቹ ክፍተት አንድ መስመር ላይ ከገጠመ ጠመንጃው አይሠራም የሚባል ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። አትጨነቁ። ሲተኮስ ራሳቸው ይዞራሉ።

ጥፍሩ። ጫፉ እንዳልተሸረፈ በጣት ጥፍራችሁ ዳስሱት። ከሥሩ የናስ ፍርፋሪ ይጠራቀማል፣ አውጡት። ሞላው ከደከመ ቀለህ አይስብም፣ ወይም ግማሽ መንገድ ላይ ይለቃል። እኔ ለሞላ አልሰስትም፤ ጥርጣሬ ካለኝ እቀይራለሁ። ከጥፍሩ ትይዩ ቦልቱ ፊት ላይ የምትታየው ክብ ነገር ቀለሁን ወደ ውጭ የምትወረውረው ናት። ባዶ ቀለህ አስገብታችሁ ተጫኗት። ገብታ በጉልበት መመለስ አለባት። ከተንገራገጨች የናስ ብናኝ ውስጧ ገብቷል። አንድ ሁለት ጠብታ ማጠቢያ ጨምሩና እየተጫናችሁ ልቀቁ፣ ቆሻሻው ይወጣል።

መርፌው። ጫፉ ልስልስና ክብ መሆን አለበት። ጉድጓድ ጉድጓድ ካለው፣ የቀለሁን እሳት ጫሪ እየበሳ ጋዝ ወደ ኋላ አስመልጧል። የሾለም አደጋ ነው።

ጋዝ ኪይዋ። በሁለት ብሎን ነው የታሰረችው። የብሎኖቹ ዳር ላይ ብረቱ ተጨፍልቆ ብሎኑን መንከስ አለበት፣ እንዳይፈታ። ርካሽ ካሪየር ላይ ይህን በደንብ አይሠሩትም። በእጃችሁ ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተነቃነቀች ጋዝ ታፈሳለች፣ ጠመንጃው ይደክማል፣ ቀለህ ይነክሳል። ሰው ያኔ ሞላ ይቀይራል፣ ካዝና ይቀይራል፣ ጥይቱን ይሰድባል። እኔ ራሴ አንድ ክረምት ሙሉ ጥይት ስሰድብ ከርሜ ብሎን ሆኖ አገኘሁት።

ስትገጥሙ ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አትርሱ። ካም ፒኑን። ካም ፒን ሳይገባበት ጠመንጃው ሊገጠም ይችላል። ሊተኮስም ይችላል። ቦልቱ ግን አልተቆለፈም፣ ፍንዳታው ወደ እናንተ ይመጣል። የጦሩ መመሪያ በትልቁ የሚያስጠነቅቀው ይህን ነው። ያቺ የታጠፈች ፒን ደግሞ ቦታዋ መግባቷን ለማወቅ ካሪየሩን አቁማችሁ መዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉት። መርፌው ከወደቀ ፒኗ ቦታዋን ስታለች።

ዘይት። ይህ ጠመንጃ ደረቅ ከሚሆን ቆሽሾ ዘይት ቢኖረው ይሻለዋል። ካሪየሩ ከሥር የሚንሸራተትባቸውን ጠርዞች፣ ካም ፒኑን፣ ሪንጎቹን ቀቡ። እርጥብ ይሁን እንጂ አይንጠባጠብ። በዚህ ላይ ሰው ከሰው ይጣላል። እኔ አልጣላም፣ ወጡ እየቀዘቀዘ ነው።

እጅ መታጠብ ያልኩት ደግሞ በእርሳስ ምክንያት ነው። ጥይቱን የሚያቀጣጥለው ነገር ውስጥ እርሳስ አለ፣ ጥላሸቱም ውስጥ ይገባል። መርዝ ነው፣ ለሕፃናት የባሰ። ስለዚህ መሶብ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ጠመንጃ አትፍቱ። ጨርቁን ከልጆች ልብስ ጋር አታጥቡ። እኛ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን።

እንግዲህ ወደ ሳህኑ እንምጣ። አንድ ሰው ቀረብ ይበልልኝ።

ከኋላ አንዲት ልጅ መጣች፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከአባቷ ጋር የመጣች። ጎንበስ ብላ አየችና ጣቷን ያብረቀረቀው ላይ አደረገች። ከካም ፒኑ ቀዳዳ ተነስታ ወደ ጭራው የምትሄድ ቀጭን ቡናማ መስመር ጠመኔው ላይ ወጥታለች። ጥቁሩ ቦልት ላይ ምንም የለም።

«ቅድም ስይዘው ግን አልነበረም» አለች።

ነበረ። እኔም ሃያ ጊዜ ይዤው አላየሁትም። ቴክኒሻኑ ያኔ ያሳየኝ ቦልት አይደለም ይሄ፤ ያ ከጦሩ ጋር ቀርቷል። ይሄኛው የራሴ ነው። አምና በአሸዋ ወረቀት ያሸሁት እኔው ነኝ።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነስተው ቦልቱን ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ዝም ብለው ብዙ ቆዩ። ከዚያ «እስቲ የታለ ሳሙናው?» አሉ።